ጌም ሠርቶ መማር፦ ወጣቶችን በቪዲዮ ጌም ሥራ ስለማስተማር ለመምህራንና ለወላጆች የቀረበ ማብራሪያ

በደብረ ታቦር ከተማና በዙሪያዋ ባሉት የደቡብ ጎንደር ወረዳዎች ስማርት ስልክ በወጣት እጅ ማየት እንግዳ ነገር መሆኑ ከቀረ ሰንብቷል። ከትምህርት መልስ ሁለት ሦስት ሆነው በአንድ ስልክ ላይ አንገታቸውን ደፍተው የሚታዩ ልጆች ብዙውን ጊዜ የያዙት ጌም ነው። ወላጅ ይህን በበጎ አያየውም፤ መምህርም ስልኩን ተቀብሎ መሳቢያ ውስጥ ይቆልፍበታል። ሥጋቱ መሠረት የሌለው አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ከቁጥጥር የወጣ የጌም ልማድን እንደ ጤና መታወክ መዝግቦታል፤ ይህ የሰፈረበት 11ኛው ዓለም አቀፍ የበሽታዎች ምደባም እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ይገኛል።

ይህ ማብራሪያ የሚመለከተው ግን ጌም የሚጫወተውን ወጣት ሳይሆን ጌም የሚሠራውን ነው። ሁለቱ በአንድ ስም ይጠሩ እንጂ የሚጠይቁት ድካም እጅግ የተራራቀ ነው። ተጫዋቹ ሌላ ሰው ባወጣው ሕግ ውስጥ ይሮጣል። ሠሪው ሕጉን ራሱ ያወጣል፣ ሕጉ ሲፈርስ ያያል፣ የፈረሰበትን ቦታ ፈልጎ ይጠግናል። ትምህርቱ ያለውም በዚህ በመጠገኑ ሥራ ላይ ነው። እንዴት እንደሆነ ለማስረዳት ከሩቅ አገር ምሳሌ መዋስ አያስፈልግም፤ ገበጣ ይበቃል።

ገበጣን ለኮምፒውተር ማስተማር

ገበጣ በአገራችን ከጥንት ጀምሮ የኖረ ጨዋታ ሲሆን፣ የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስት ስለ ዓይነቶቹ ሰፊ ጥናት ጽፈዋል። አጨዋወቱ ከቦታ ቦታ ይለያያል። ለዚህ ማብራሪያ ባለ ሁለት ረድፉን እንውሰድ፤ በእያንዳንዱ ረድፍ 6 ጉድጓድ፣ በእያንዳንዱ ጉድጓድ 4 ጠጠር፣ በጠቅላላው 12 ጉድጓድና 48 ጠጠር ማለት ነው። ተጫዋቹ ከአንድ ጉድጓድ ጠጠሮቹን በሙሉ አንሥቶ በቀጣዮቹ ጉድጓዶች አንድ አንድ እያደረገ ይጥላል። የመጨረሻዋ ጠጠር ጠጠር ካለበት ጉድጓድ ከወደቀች ያንን አንሥቶ ይቀጥላል፤ ባዶ ጉድጓድ ላይ ከወደቀች ተራው ያልፋል።

ይህን ማንም ልጅ ያውቀዋል። ለኮምፒውተር ማስረዳት ሲጀምር ግን አውቀዋለሁ ያለው ነገር ምን ያህል ክፍተት እንዳለበት ይገለጥለታል። ስንት ጠጠር የተጠራቀመበት ጉድጓድ ይበላል? የበላው ሰው ተራው ይቀጥላል ወይስ ያልፋል? በአንዱ ወገን ምንም ጠጠር ካልቀረ የቀሩት ጠጠሮች የማን ናቸው? የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ በልጅነቱ በገበጣ ዙሪያ ከተጫዋቹ ይልቅ ተከራካሪው ይበዛ እንደነበር ያስታውሳል፤ ክርክሩም አብዛኛውን ጊዜ የሚያበቃው በዕድሜ የሚበልጥ ሰው «ሕጉ እንዲህ ነው» ብሎ ሲፈርድ ነበር። ኮምፒውተር ሽማግሌ የለውም። ተማሪው ክርክሩን ሁሉ አስቀድሞ ጨርሶ፣ እያንዳንዱን ሁኔታ «እንዲህ ከሆነ ይህን አድርግ፣ ካልሆነ ያንን አድርግ» በሚል ትእዛዝ ማስቀመጥ ይኖርበታል።

ከዚያ ሒሳቡ ይመጣል። ጉድጓዶቹ ከ1 እስከ 12 ቁጥር ተሰጣቸው እንበል። ከ9ኛው ጉድጓድ 7 ጠጠር ያነሣ ተጫዋች የመጨረሻዋን ጠጠር የት ይጥላታል? 9 ሲደመር 7 16 ይሆናል፤ 16ኛ ጉድጓድ ግን የለም። ጨዋታው ከ12 ሲያልፍ ወደ 1 ስለሚመለስ፣ 16 ለ12 ተካፍሎ የሚተርፈው 4 መልሱ ነው። ተማሪው ይህን ሲያገኝ ደስ ይለዋል፤ በአራተኛ ክፍል «ቀሪ» እየተባለ የተማረው ነገር ሥራ ሲሠራ ያየው ምናልባት ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ደስታው ግን ብዙ አይቆይም። ጠጠሯ 12ኛው ጉድጓድ ላይ ማረፍ ሲገባት፣ 12 ለ12 ሲካፈል ቀሪው 0 ነውና ኮምፒውተሩ «0ኛ ጉድጓድ» ሊፈልግ ይሄዳል። እንዲህ ያለ ጉድጓድ የለም። ጠጠሯ ትጠፋለች።

እዚህ ላይ አንድ ብልህ መምህር የሚሰጠው ምክር አለ፦ በእያንዳንዱ ተራ መጨረሻ ላይ በጉድጓዶቹ ያሉትንና የተበሉትን ጠጠሮች በሙሉ ኮምፒውተሩ እንዲደምር ማድረግ። ድምሩ ሁልጊዜ 48 መሆን አለበት። 47 ያሳየበት ተራ ስህተቱ የተፈጸመበት ተራ ነው። ተማሪው ዱካውን ተከትሎ ወደ 12ኛው ጉድጓድ ይደርሳል፤ መፍትሔውም ጉድጓዶቹን ከ1 እስከ 12 ሳይሆን ከ0 እስከ 11 መቁጠር ሆኖ ያገኘዋል። የኮምፒውተር ባለሙያዎች ከዜሮ መቁጠር የሚወዱበት አንዱ ምክንያት በመጽሐፍ ተነግሮት ሳይሆን አንዲት ጠጠር ጠፍታበት ይገባዋል። የሒሳብ ሹም መዝገቡን ዘግቶ ገቢና ወጪ አልገናኝ ሲለው የሚያደርገው ፍለጋ ከዚህ የተለየ አይደለም።

ዶሮ የምትዘልበት ጌም ደግሞ ወደ ፊዚክስ ይወስዳል። ስክራች በተባለው የጀማሪዎች መሣሪያ መድረኩ 480 ነጥብ ወርድና 360 ነጥብ ቁመት ያለው ሲሆን፣ መሀሉ ዜሮ ነው፤ ወደ ግራና ወደ ታች ያለው ቦታ ሁሉ በአሉታዊ ቁጥር ይጠራል። ተማሪው ዶሮዋ እንድትዘል ፍጥነቷን 12 ብሎ ቢጀምርና ምንም ባይቀንስ፣ ዶሮዋ ወደ ሰማይ ወጥታ ትቀራለች። በእያንዳንዱ እርምጃ ከፍጥነቷ 1 ቢቀንስ 12፣ 11፣ 10 እያለች በድምሩ 78 ነጥብ ትወጣና መውረድ ትጀምራለች። ቅናሹን 2 ቢያደርገው የምትደርሰው 42 ብቻ ነው፤ ዝላይዋም ይከብዳል። በሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ ትምህርት ውስጥ የስበት ፍጥነት ለውጥ የሚባለው ይኸው ነው። ቀመሩን ሸምድዶ ፈተና ያለፈ ተማሪ እንኳ ቁጥሩን በእጁ እየቀያየረ የዶሮዋን አዘላለል ሲያይ ነገሩ በሌላ ዓይን ይታየዋል።

ከቅኔ ቤትና ከጋፋት

ሠርቶ መማር ለደቡብ ጎንደር አዲስ ነገር ሆኖ መቅረብ አይገባውም። አካባቢው የቤተልሔም ድጓና የዙር አባ ዝማሬ መዋሥዕት ማስመስከሪያ ጉባኤያት የሚገኙበት፣ የአብነት ትምህርት ሥር የሰደደበት አገር ነው። ስለ አብነት ትምህርት ሲነገር ሁሉም ነገር በቃል ጥናት የሚፈጸም አድርጎ ማቅረብ የተለመደ ቢሆንም፣ ይህ ለቅኔ ቤት አይሠራም። የቅኔ ተማሪ መምህሩ የዘረፉትን ቅኔ ሰምቶ፣ ምሥጢሩንና አገባቡን ካጠና በኋላ፣ ብቻውን ተቀምጦ የራሱን ቅኔ ይቆጥራል። የቆጠረውን ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩ የተሰበረውን ቤት፣ የሳተውን አገባብ ነቅሰው ያርሙታል፤ ተማሪው በማግሥቱ ሌላ ይዞ ይመጣል። ትምህርቱ ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ተነሥቶ ደረጃ በደረጃ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ የሚያድገውም በዚሁ መንገድ ነው፤ ያልሠራ አይሻገርም።

ጌም በመሥራት የማስተማር ዘዴ ከዚህ የሚለየው በአርቃቂው ቋንቋና በመሣሪያው ነው እንጂ በሥርዓቱ አይደለም። ትንሽና ሙሉ ሥራ ይሰጣል፤ ተማሪው ይሠራል፤ ይታረማል፤ ከፍ ወዳለው ያልፋል። ልዩነቱ፣ ዜማው መስበሩን መምህሩ ከመናገራቸው በፊት ኮምፒውተሩ ራሱ መናገሩ ነው። ያም ቢሆን «ተሰብሯል» ከማለት አልፎ ለምን እንደተሰበረ አይነግርም፤ የመምህሩ ሥራ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ከደብረ ታቦር ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቆ የሚገኘው ጋፋትም ሌላ ምስክር ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በዚያ ያሰባሰቧቸው አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎች ለሚስዮን ሥራ የመጡ እንጂ መድፍ አንጥረው የሚያውቁ አልነበሩም። ንጉሠ ነገሥቱ መድፍ እንዲያቀልጡ ባዘዟቸው ጊዜ የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች ከሽፈዋል። እየከሸፈ፣ እየታረመ ሄዶ በመጨረሻ 7 ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል ተሠራ፤ በ1860ዎቹ እ.ኤ.አ. ማብቂያ ላይም በሰው ኃይል እየተጎተተ መቅደላ ደረሰ፤ ዛሬም እዚያው ይገኛል። መድፍና የስልክ ጌም ምን አገናኛቸው የሚል አንባቢ ቢኖር አይፈረድበትም። የሚያገናኛቸው ከሽፎ የተነሣ ሥራ ማስተማሩ ነው። የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ተቋሙን በጋፋት ስም መሰየሙም ይህን ታሪክ ለወጣቱ ቅርብ ያደርገዋል።

ጥናቶች ምን አሳዩ?

ሐሳቡ በዘመናዊ መልኩ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1967 ነው። ሲይሞር ፓፐርት፣ ሲንቲያ ሰለመንና ዎሊ ፎይርዛይግ በአሜሪካ ሎጎ የተባለውን የልጆች የኮምፒውተር ቋንቋ ፈጠሩ። ፓፐርት እ.ኤ.አ. በ1980 ባሳተሙት መጽሐፋቸው ልጅ ኮምፒውተርን ሲያዝ እንጂ ኮምፒውተር ልጅን ሲያዝ ትምህርት እንደማይገኝ ተከራከሩ። ከዚያ በኋላ ተመራማሪዋ ያስሚን ካፋይ በቦስተን ከተማ በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት የአራተኛ ክፍል ተማሪዎችን ለወራት ተከታትለዋል፤ ተማሪዎቹ የተሰጣቸው ሥራ ለታናናሾቻቸው ክፍልፋይ የሚያስተምር ጌም መሥራት ነበር። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1995 በመጽሐፍ ሲወጣ፣ ልጆቹ በኮምፒውተር ቋንቋውም በክፍልፋይም መሻሻላቸው ታይቷል። ሌላውን ለማስተማር የተዘጋጀ ሰው ራሱ መማሩ መምህራን ሁሉ የሚያውቁት እውነት ነው።

ነገር ግን ሁሉም ጥናት አዎንታዊ አይደለም፤ ይህንንም መሸሸግ አይገባም። ሮይ ፒና ሚዲያን ከርላንድ እ.ኤ.አ. በ1984 ባቀረቡት ሥራ ሎጎ የተማሩ ልጆች በሌላ መስክ ዕቅድ የማውጣት ችሎታቸው እንደተጠበቀው እንዳልጨመረ አሳይተዋል። ኮድ የተማረ ልጅ በሁሉም ነገር ብልህ ይሆናል የሚለው አነጋገር በማስታወቂያ ላይ የሚያምር ቢሆንም፣ ትምህርት ቤት በዚህ ተስፋ ተነሥቶ ሥራ መጀመር የለበትም። ከገበጣው ሥራ ስለ ቀሪ፣ ከዶሮዋ ዝላይ ስለ ስበት የሚገኘው ዕውቀት የሚገኘው መምህሩ ቆም አድርጎ «አሁን ያደረግኸው በሒሳብ መጽሐፍህ ውስጥ የቱ ነው?» ብሎ ሲጠይቅ ነው። ያለ ጥያቄው ተማሪው ጌሙን ሠርቶ ሒሳቡን ሳያይ ያልፋል።

በአገራችን የተደረገ አንድ ሙከራም ይህንኑ ያመለክታል። እ.ኤ.አ. በ2012 ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ላፕቶፕ የተባለው ድርጅት በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ ትምህርት ቤት ላልገቡ ልጆች በፀሐይ ኃይል የሚሠሩ ታብሌቶችን ያለ መምህር ሰጥቶ ነበር። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ ልጆቹ ያለ ማንም እርዳታ መሣሪያውን ከፍተው፣ የፊደል ዜማ እየዘመሩ፣ በወራት ውስጥ የተዘጋውን ካሜራ ሳይቀር እንደከፈቱት ተናግረዋል። ዜናው በዓለም ዙሪያ ብዙ ተወራለት፤ የልጆቻችን ንቃትም የሚያኮራ ነው። ይሁንና መሣሪያ መክፈትና አዲስ ነገር መሥራት የተለያዩ ናቸው። ሁለተኛው መምህር ይፈልጋል።

በአገር ውስጥ የተጀመሩ ሥራዎች

አዲስ አበባ የሚገኘው ቅኔ ጌምስ በዳዊት አብርሃም የተመሠረተ ኩባንያ ሲሆን፣ ስሙን ከቅኔ መውሰዱ ከላይ ካነሣነው ጋር ሳይታሰብ ይገጥማል። ኩባንያው ኩኩሉ በተባለው የስልክ ጌም ይታወቃል፤ ከሚያሳድዳት ለማምለጥ በአገራችን መልክዓ ምድር ላይ የምትሮጥ ዶሮ ናት ባለታሪኩ። ገበጣንም ወደ ስልክ አምጥቷል። ኩኩሉ እ.ኤ.አ. በ2018 የአፕስ አፍሪካ ሽልማትን አግኝቷል፤ ኩባንያውም ከሌሎች አፍሪካውያን ጌም ሠሪዎች ጋር ተጣምሮ የፓን አፍሪካ ጌሚንግ ግሩፕ አባል ሆኗል። ከዚህ ኅብረት አባላት አንዱ የካሜሩኑ ኪሮኦ ጌምስ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው አውሪዮን የተባለ ጌም ከአፍሪካ ተረትና ባህል የተቀዳ ነው።

በሥልጠናው በኩል ኤኒዋን ካን ኮድ የተባለውን ፕሮግራም የምትመራው ቤተልሔም ደሴ ስሟ በተደጋጋሚ ይነሣል። ሐረር ተወልዳ ያደገችው ቤተልሔም ኮምፒውተርን የተዋወቀችው ገና በልጅነቷ በአባቷ የኤሌክትሮኒክስ መደብር ውስጥ ነበር። በመንግሥት በኩል ደግሞ ሐምሌ 16 ቀን 2016 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የ5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደሮች ኢኒሼቲቭ ከተባበሩት አረብ ኤሚሬትስ ጋር በመተባበር የሚካሄድ ሲሆን፣ በበይነ መረብ ያለ ክፍያ ሥልጠና ይሰጣል። ከሥልጠናዎቹ አንዱ የአንድሮይድ መተግበሪያ መሠረታዊ ዕውቀት መሆኑ በትምህርት ቤት የመጀመሪያ ጌሙን ለሠራ ወጣት ተከታዩ ደረጃ ያደርገዋል። ሥልጠናዎቹ የሚሰጡት በእንግሊዝኛ መሆኑና የተረጋጋ ኢንተርኔት መጠየቃቸው ግን ለገጠር ወጣት መግቢያውን ያጠብበታል። በሎጎ መንገድ፣ በራስ ቋንቋ የሚጀመር ዝግጅት አስቀድሞ ቢኖር መግቢያው ይሰፋል።

በአነስተኛ ዐቅም እንዴት ይጀመራል?

ስክራች በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2007 ለሕዝብ የቀረበ ነፃ መሣሪያ ነው። ትእዛዞቹ እንደ ጡብ እርስ በርስ የሚገጣጠሙ ቁራጮች ስለሆኑ ተማሪው የፊደል ስህተት ሲለቅም አይውልም። ከ70 በላይ ቋንቋዎች ሲኖሩት አማርኛ አንዱ ነው፤ ከቋንቋ ዝርዝሩ «አማርኛ» የሚለውን መምረጥ ብቻ ይበቃል። ትርጉሙ አንዳንድ ቦታ ሻካራ ቢሆንም ለጀማሪ ተማሪ ከእንግሊዝኛው ይቀላል። ከሁሉ በላይ ጠቃሚው ግን አንድ ጊዜ ወርዶ ከተጫነ በኋላ ያለ ኢንተርኔት መሥራቱ ነው። አንድ መምህር ኔትወርክ ባለበት ቦታ አውርዶ በፍላሽ ቢያመጣው ለትምህርት ቤቱ ሁሉ ይዳረሳል።

በአማራ ክልል ባለፉት ዓመታት በተከሰተው የጸጥታ ችግር ትምህርት የተቋረጠባቸው ትምህርት ቤቶች ብዙ ናቸው፤ የሞባይል ኢንተርኔትም ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ቆይቷል። በመሆኑም ለአካባቢው የሚመረጥ ማንኛውም የዲጂታል ትምህርት ያለ ኔትወርክ መቆም የሚችል መሆን ይኖርበታል። ኮምፒውተር በሌለበትም ቢሆን መንገዱ አይዘጋም። በኦስትሪያ ግራትስ ከተማ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው ፖኬት ኮድ እንደ ስክራች ያለ መሣሪያ ሲሆን በተራ የአንድሮይድ ስልክ ላይ ይሠራል። ያ ከመሳቢያ የተቆለፈው ስልክ ለዚህ ይበቃል ማለት ነው። በሥራው የገፉ ተማሪዎች ደግሞ ጎዶት የተባለውን ነፃና ክፍት መሣሪያ ሊሞክሩ ይችላሉ፤ ጎዶት እውነተኛ የኮድ ጽሑፍ የሚጠይቅ፣ ጌም ለገበያ የሚያቀርቡ ባለሙያዎችም የሚጠቀሙበት ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያለ ኮምፒውተር ቢያልፉ ይመረጣል። ተማሪዎች ሰኞ ማክሰኞን ወይም ገበጣን ሜዳ ላይ ተጫውተው ሕጉን በወረቀት ይጽፋሉ፤ ከዚያ ወረቀቱን ጨዋታውን ለማያውቅ ሌላ ቡድን ሰጥተው፣ ምንም ሳይናገሩ፣ በተጻፈው ብቻ ሲጫወት ያያሉ። ሌላው ቡድን ግራ የተጋባበት ቦታ ሁሉ የሕጉ ቀዳዳ ነው። አብዛኛው ሳቅም እዚህ ይሰማል። ኮምፒውተር ቤት ሲገባ ሁለት ተማሪ በአንድ ኮምፒውተር መቀመጡ ከእጥረት የመጣ ቢሆንም ጉዳት የለውም፤ አንዱ ሲሠራ ሌላው እያየ ይጠይቃል፣ በየ15 ደቂቃውም ይቀያየራሉ። ኮምፒውተሩን ሁልጊዜ አንዱ ብቻ እንዳይዘው መምህሩ መቆጣጠር አለበት። መብራት ድንገት የሚጠፋበት አካባቢ ስለሆነም ሥራን በየአፍታው ማስቀመጥ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ልማድ መሆን ይገባዋል፤ አንድ ሰዓት የለፋበት ሥራ የጠፋበት ልጅ ሳምንቱን ተመልሶ ላይመጣ ይችላል።

እያንዳንዱ ተማሪ የስህተት መዝገብ ቢይዝ ውጤቱን ለመመዘን ይረዳል። በደብተሩ ላይ የሆነውን፣ ሊሆን የሚገባውንና ምን ብሎ እንዳስተካከለው ይጽፋል። ምዘናው ጌሙ ማማሩን ሳይሆን ተማሪው አንድ ያስተካከለውን ስህተት በቃሉ ማስረዳት መቻሉን ቢመለከት ይሻላል። የሚያምር ጌም ከሌላ ሰው ገልብጦ ማምጣት ይቻላል፤ የጠፋችውን ጠጠር ታሪክ ግን ፈልጎ ያላገኛት ሰው አይተርከውም።

ርዕሰ ጉዳይ ለመምረጥም ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የጉና ተራራ የርብና የጉማራ ወንዞች መነሻ ነው፤ ወንዞቹ በክረምት ሞልተው የፎገራን ሜዳ ሲያጥለቀልቁ፣ ያው ሜዳ ሩዝ ያበቅላል። ተጫዋቹ ገበሬ ሆኖ ከሰኔ እስከ ኅዳር ያለውን ጊዜ በየሳምንቱ የሚወስንበት ጌም ቢሠራ፣ የዝናቡ መጠን በዕድል ይመጣል፣ ተራራው ላይ የተሠራው እርከን ጎርፉን ይቀንሳል፣ የተዘራው ሩዝና ጤፍ ለውኃ ያላቸው ትእግሥት ይለያያል። ይህን የሚሠራ ተማሪ ሩዝ ምን ያህል ውኃ እንደሚችል ለማወቅ ቤተሰቡን ወይም የግብርና ባለሙያውን መጠየቅ ግድ ይለዋል። ከኮምፒውተሩ የተነሣ ጥያቄ ወደ ማሳው ይወስደዋል።

ለወላጆችና ለርእሳነ መምህራን

ልጃቸው ጌም ሠሪ ሆኖ እንጀራ ያገኛል ወይ የሚል ጥያቄ ከወላጆች መነሣቱ አይቀርም። መልሱ ቀጥተኛ መሆን አለበት፦ በአገራችን በጌም ሥራ ብቻ የሚተዳደሩ ድርጅቶች ጥቂት ናቸው፤ ክበብ ውስጥ ከሚገቡት ተማሪዎች አብዛኞቹ ጌም ሠሪ አይሆኑም። የሚይዙት ሙያ ግን ለመተግበሪያ ሥራ፣ ለአኒሜሽን፣ ለሒሳብና ለምሕንድስና ትምህርት የሚያገለግል ነው። በተቃራኒው ትምህርት ቤቱ ይህን ሥራ በጌም መጫወቻ ሰዓት ቢተካው የወላጆች ቅሬታ ትክክል ይሆናል። ክበቡ የሚያወጣውን ሥራ ወላጆች በየሴሚስተሩ መጥተው ቢያዩ፣ ቢቻልም ቢጫወቱት፣ ብዙ አለመግባባት ይቀራል። ገበጣ የሚችሉ አያት መጥተው የልጅ ልጃቸው የሠራውን ገበጣ «ይህ የኛ አገር ሕግ አይደለም» ቢሉት፣ ልጁ ሕጉን ለማረም ሌላ ሳምንት ይኖረዋል።

የሰዓቱ ምርጫም ቀላል ጉዳይ አይደለም። ከትምህርት ሰዓት በኋላ የሚደረግ ክበብ ውኃ መቅዳትና የቤት ሥራ የሚጠብቃቸውን ሴት ተማሪዎች ያስቀራል፤ ከዚያም ሴቶች ለኮምፒውተር ፍላጎት የላቸውም የሚል የተሳሳተ መደምደሚያ ይከተላል። ክበቡ በትምህርት ሰዓት ውስጥ፣ ለምሳሌ በኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ክፍለ ጊዜ፣ ቦታ ቢያገኝ ይህ እንቅፋት ይነሣል።

በመጨረሻም የመብት ጉዳይ አለ። በቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የኮምፒውተር ፕሮግራም እንደ ማንኛውም የፈጠራ ሥራ ጥበቃ ያገኛል፤ ተማሪው ያዘጋጀው ኮድ፣ የሣለው ሥዕልና የቀዳው ድምፅም የራሱ ነው። ከኢንተርኔት የተወሰደ ሥዕልና ዘፈን ግን የሌላ ሰው ንብረት ስለሆነ ያለ ፈቃድ መጠቀም አይቻልም፤ ልጆቹ ራሳቸው ሥለው፣ ራሳቸው ድምፅ ቢቀዱ ይሻላል፣ ክራርና ዋሽንትም በአካባቢው አይጠፋም። ሥራው በበይነ መረብ ሲለቀቅ የተማሪው ሙሉ ስም፣ ፎቶግራፍና ትምህርት ቤት አብሮ መውጣት የለበትም፤ በግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የልጆች መረጃ ጥንቃቄ የሚሻ ነው። የጨዋታ ሐሳብና ሕግ ግን በአዋጁ አይጠበቅም፤ ስለዚህ ገበጣን፣ ሰኞ ማክሰኞንና ኩኩሉን ማንም ተማሪ ማንንም ሳያስፈቅድ በራሱ ሥዕልና በራሱ ኮድ ሊሠራቸው ይችላል።